ሞራ ገላጩ ካሜራ

በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ቆሞ ያየ ሰው ሞራን ያውቀዋል፤ ሆዱ ሲከፈት አንጀቱን እንደ ነጠላ አልብሶ የሚገኘው መረብ መሳይ ስስ ስብ ነው። ሞራ ገላጭ ያንን ስብ ወደ ብርሃን ዘርግቶ፣ የደም ሥሮቹንና ነጠብጣቦቹን እያየ ስለ ዝናብና ስለ ጠብ፣ ሲከፋም ስለ ሞት ይናገራል። ማመን አለማመን የየራስ ጉዳይ ነው። ሞራ ይናገራል የሚለው ግን ለቀዶ ሐኪምም እውነት ነው። ሆድ ውስጥ አንድ ቦታ ሲቆስል የሰው ሞራ ወደዚያው ተስቦ ይጠቀልለዋል፤ የታመመ ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ ሞራ ተለጥፎበት ይገኛል። ሐኪሞቹም "የሆድ ፖሊስ" ይሉታል። ችግሩ በጉ ታርዶ ነው የታየው፤ ታካሚው ግን በእግሩ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት።

ውጫሌ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል ይሄዳል፤ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ወደሚለው አንቀጽ 17። ሆድም እንዲህ ሁለት ንባብ የሚኖረው ጊዜ አለ። ውጫሌ ካለችበት ከአምባሰል ገጠር የመጣች አንዲት እናት እንበል። ሆዷ ለወራት ቀስ እያለ ነፋ፤ እሷ ግን ከሳች፤ ሌሊት ሌሊት ያልባታል። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈላትና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ደሴ ገባች። አልትራሳውንዱ ሆዷ ውሃ መቋጠሩን አሳየ። ከምን የተነሳ? የሆድ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ወደ ሆድ የተሠራጨ ካንሰርም እንዲሁ ያደርጋል። ውሃው በመርፌ ተቀድቶ ቢመረመር፣ በሆድ ቲቢ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራም አይገላግልም፤ በእንቁልጢ ካንሰርም በሆድ ቲቢም ከፍ ይላል። አንደኛው ንባብ ስድስት ወር ገደማ የሚወሰድ፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ኪኒን ነው። ሌላኛው ፍጹም የተለየ መንገድ ነው። ሆድን ከላይ እስከ ታች ቀዶ ማየት ይቻላል፤ ግን ለማየት ብቻ ብሎ የእርሻ ወይም የአጨዳ ወቅት የሚያስቀር ቁስል ማትረፍ ከባድ ዋጋ ነው።

ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሆድን ማየት፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ብልሃቱ የቀዳዳው ማነስ ይመስለዋል። እኔ ግን ዋናው ብልሃት ቦታ መፍጠሩ ነው ባይ ነኝ። ሆድ ውስጥ ባዶ ቦታ የለም፤ እንደ ተጠቀጠቀ ስልቻ ነው፤ ካሜራ ቢገባበት አንጀት ላይ ተለጥፎ ከቀይ ጨለማ በቀር የሚያየው አይኖርም። ስለዚህ ታካሚዋ ሙሉ ሰመመን ከተሰጣት በኋላ በእምብርቷ በኩል ጋዝ ይነፋል። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አምቦ ውሃ ሲከፈት የሚፈላው ያው። የተመረጠውም እሳት ስለማይዝና በደም ውስጥ ቶሎ ሟሙቶ በሳንባ በኩል ስለሚወጣ ነው። ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ነው፤ "የደም ግፊትህ 120 ነው" በምንባልበት በዚያው መለኪያ። ያ ትንሽ ግፊት የሆድን ግድግዳ እንደ ድንኳን ያነሳዋል። እምብርት የሚመረጠው የሆድ ግድግዳ እዚያ ስለሚሳሳ ነው፤ ጠባሳውም ይደበቃል። ከዚያ ከእርሳስ እምብዛም የማይወፍር፣ መብራትና ካሜራ ያለው ዘንግ ይገባል።

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ጉም ነው። ብርዳም ክፍል ውስጥ የቆየ መስተዋት ሞቃትና እርጥብ ሆድ ውስጥ ሲገባ፣ አክምባሎ ሲነሳ የጋጋሪዋ መነጽር እንደሚደበዝዘው ይደበዝዛል። መፍትሔው ዘንጉን አስቀድሞ በሙቅ ውሃ መንከር ነው። ጉሙ ሲገፈፍ በታካሚዋ ቀኝ በኩል ከላይ ጉበት ይታያል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ሰማያዊ የሆነው የሐሞት ከረጢት ብቅ ይላል። አልጋው በራስጌው በኩል ዝቅ ሲል አንጀቱ ወደ ደረት ይንሸራተትና ማህፀኑና እንቁልጢዎቹ ይገለጣሉ። ጤነኛ የሆድ ሽፋን እንደ ታጠበ ሲኒ ያብረቀርቃል። ቲቢ ሲሆን ግን ዳጉሳ የተበተነበት ይመስላል፤ ነጫጭ ጥቃቅን ፍሬዎች ሞልተውበት፣ አንጀትና ግድግዳው በሸረሪት ድር መሳይ ክር ተያይዘው፣ ሞራውም ወፍሮና ተኮማትሮ። ሞራ ገላጭ ቢሆን እዚህ ላይ ፍርዱን ይሰጥ ነበር። ሐኪሙ ግን አይቸኩልም፤ ካንሰርም እንዲህ ሊመስል ይችላል። በሌላ ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን መቆንጠጫ አስገብቶ ከፍሬዎቹ ቆንጥሮ ይወስዳል፤ ፍርዱ የሚሰጠው ፓቶሎጂ ክፍል በማይክሮስኮፕ ሥር ነው።

ይህ ሙያ ከጥንስሱ ከቲቢ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመናዊው ጌኦርግ ኬሊንግ የውሻ ሆድ ነፍቶ በሽንት ፊኛ ማያ መሣሪያ ውስጡን ሲያሳይ፣ አየሩን ቀድሞ ያሰበው ለማየት ሳይሆን በግፊቱ ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደምን ለማቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ስዊድናዊው ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤዩስ ሰው ላይ ሞከረው። ቀዶ ሐኪም ሳይሆን የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበር፤ የጀመረውም ልክ እንደ አምባሰሏ እናት ሆዳቸው ውሃ በቋጠረ ሰዎች ላይ ነው፤ ውሃው አንጀቱን ከግድግዳው ስለሚያርቅለት። ካያቸው በሽታዎች አንዱ የሆድ ቲቢ ነበር። ዛሬም ጋዝ የሚነፋበት፣ ጫፉ ባዶ ቦታ ሲያገኝ በስፕሪንግ የሚዶለዱመው መርፌ የሃንጋሪያዊው ያኖሽ ቬሬሽ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠራው ለሳንባ ቲቢ ሕክምና ደረት ውስጥ አየር ለማስገባት ነበር። ትርፍ አንጀትንና ሐሞት ከረጢትን በዚህ መንገድ ማውጣት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ ያኔም ከሌሎች ቀዶ ሐኪሞች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር።

አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው መርፌ በጭፍን ነው የሚገባው፤ አንጀት ወይም የደም ሥር ሊነካ ይችላል፤ ከዚህ በፊት በተሰፋ ሆድ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል። ደም እየፈሰሳት ራሷን የሳተች ሴት ስትመጣ ሆድን በሰፊው መክፈት ይፈጥናል፤ በካሜራ ተጀምሮ ወደ ሰፊው ቀዶ ጥገና መሻገርም ሽንፈት አይደለም።

በሀገራችን አገልግሎቱ በብዛት የሚገኘው ጥቁር አንበሳንና ቅዱስ ጳውሎስን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ነው። ወደ ወሎ ለማድረስ ካሜራ መግዛቱ ብቻ አይበቃም፤ መብራት የማይቋረጥበት ክፍል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የሰመመን ባለሙያ፣ ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት ያስፈልጋል። የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተዘርፎ ከአልጋ ጀምሮ እንደገና መሟላት እንደነበረበትም አይዘነጋም። በህንድ ገጠር አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ጋዙን ትተው የሆድን ግድግዳ በብረት ማንሻ ወደ ላይ ስበው፣ ታካሚውን ከወገብ በታች ብቻ አደንዝዘው ይሠራሉ። በሮቦት ከሚደረግ ቀዶ ጥገና ይልቅ ይሄኛው ለእኛ ይቀርበናል እላለሁ።

ታካሚዋ ስትነቃ ሆዷ ላይ ሁለት ሦስት ትንንሽ ስፌቶች አሉ። የሚያሳስባት ግን ትከሻዋ ነው፤ ማንም ያልነካው ትከሻ ይወጋታል። የተረፈው ጋዝ ድያፍራምን ሲቆጠቁጠው፣ ሕመሙን የሚያደርሰው ነርቭ ከአንገት የሚነሣ ስለሆነ አእምሮ ከትከሻ የመጣ ይመስለዋል። በአንድ ሁለት ቀን ጋዙ በትንፋሿ ወጥቶ ያልቃል። እስከዚያው ልትጠይቃት የመጣች ጎረቤት "ሆድሽን አልነበር እንዴ ያዩሽ?" ብትላት አይገርምም።