ሦስት ፊደል የታተመበት ቴምብር

የአያቴን ሣጥን ስንከፍት አባቷ የላከላቸው አንድ አሮጌ ደብዳቤ ወጣ። ፖስታው ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ምስል ያለበት ቴምብር አለ፤ በምስሉ ላይ ደግሞ በጥቁር ቀለም «ኤም.ኢ.ኤፍ.» የሚሉ የላቲን ፊደላት ታትመዋል። ቴምብር ሰብሳቢ ነኝና በሞቀ ውሃ ነክሬ አላቀቅኩት፣ ፖስታውንም ጣልኩት። ጥፋቴ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነት አገር የያዘ ሠራዊት ፖስታ ቤቱን ቶሎ ሥራ ማስጀመር ይፈልጋል። አዲስ ቴምብር ማሠራት ጊዜ ስለሚፈጅ ያለውን ቴምብር ወስዶ በላዩ ላይ ጽሑፍ ማተም ይቀላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1941 ኤርትራንና ሶማሊያን ከጣሊያን ከያዙ በኋላ በ1942 ያወጡት ይህንን ቴምብር ነው። ፊደሎቹ «የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር» ለሚለው ስም ምሕፃር ናቸው። ታዲያ ያው ቴምብር አስመራም፣ ሞቃዲሾም፣ ሊቢያም፣ ኋላም በዶዴካኔዝ ደሴቶች ሠርቷል። ሞቃዲሾ በ1943 «ኢ.ኤ.ኤፍ.» (የምሥራቅ አፍሪካ ጦር) የሚል የራሷን አገኘች። ኤርትራ ግን ስሟ ቴምብር ላይ የወጣው በ1948 ነው፤ «ቢ.ኤም.ኤ. ኤርትራ» ተብሎ፣ ዋጋውም ከፔኒ ወደ ሳንቲም ተቀይሮ። በ1950 «ወታደራዊ» የምትለዋ «ኤም» ወጣችና «ቢ.ኤ. ኤርትራ» ሆነ። በ1952 ፌዴሬሽኑ ሲመጣ የኢትዮጵያ ቴምብር ተተካ። የአስተዳደር ለውጥ በአንዲት ፊደል መነሳት ሲነገር ሌላ የት ይገኛል?

ሐሰተኛ ሥራም አለ። ተራ የእንግሊዝ ቴምብር ላይ ሦስት ፊደል ማተም ምን ይከብዳል? እኔም ተሸውጃለሁ። ያገለገለ ቴምብር ከሆነ በማጉያ መነጽር ቀለሙን እዩ፤ ፊደሎቹ ከፖስታ ቤቱ ማኅተም በላይ ከተቀመጡ ነገሩ ያበቃለታል፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ላይ ፊደሎቹ ይቀድማሉ፣ ማኅተሙ ይከተላል። የነጥቦቹንም ቅርጽ አትዝለሉ፤ በአንዳንዱ ኅትመት አራት ማዕዘን፣ በሌላው ክብ ናቸው።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። «ኤም.ኢ.ኤፍ.» ቦታ አይናገርም፤ ቦታውን የሚናገረው ማኅተሙ ብቻ ነው። አክስቴ ቅድመ አያቴ በዚያን ጊዜ አስመራ ነበሩ ትላለች፣ አጎቴ ሞቃዲሾ ነው ብሎ ይምላል። ዓመቱ እንኳ ቢገኝ ከ1943 በፊት መሆኑን አለመሆኑን አይቼ እፈርድ ነበር። ማኅተሙ ግን ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ነበር። የከተማው ስም ከፖስታው ጋር ሄዷል። እኔ ጋ የቀረው «194» ነው፤ አራተኛው ቁጥር የለም።