ጉንዳን የዛፍ ጠባቂ ነውን?

በደን ውስጥ ቅጠል የሚበላው ትል የዛፍ ጠላት መሆኑ ግልጽ ነው። ትሉን የሚበላው ጉንዳን ግን ቅጠሉን ሳይነካ የዛፉን ዕድል ይለውጣል። በሦስተኛ ወገን በኩል የሚደርሰውን እንዲህ ያለ ነገር ሊቃውንት ቀጥተኛ ያልሆነ ተጽዕኖ ይሉታል። አሠራሩን ከዚህ ቀጥለን በምሳሌ እናስረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ፊንላንድ የአንድ ዐይነት የእሳት ራት ትሎች ከመጠን በላይ ተራብተው በተራራው ላይ ያለውን የበርች ደን ቅጠል ጨርሰው በሉት፤ በሰፊ ቦታም ዛፉ ደረቀ። ነገር ግን የደን ጉንዳኖች ጭራሮና ደረቅ ቅጠል ከምረው በሠሩት መኖሪያ ዙሪያ ያሉት በርቾች፥ በምድረ በዳ መካከል እንዳለ የለመለመ ደሴት፥ ከጥፋት ተርፈው ታዩ። ጉንዳኖቹ ግንዱን እየወጡ ትሎቹን ለእጮቻቸው ምግብ ያደኑ ነበርና።

«የረዳቸው ትሉ መጥፋቱ ሳይሆን በመኖሪያው አጠገብ ያለው አፈር መዳበሩ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚገኘው በሙከራ ነው። በእንግሊዝ አገር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ ጥናት፥ በአንድ ደን ውስጥ ካሉት ሲካሞር ከሚባሉት ዛፎች (ይህ የእኛ ሾላ አይደለም) የአንዳንዶቹ ግንድ ጉንዳን እንዳያልፍ በሚያጣብቅ ቅባት ተከበበ፤ የቀሩት ክፍት ተተዉ። ጉንዳን የሚወጣባቸው ዛፎች በትል የተበላባቸው ቅጠል ከተከለከሉት እጅግ ያነሰ ሆነ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጉንዳን ለእጮቹ ማደጊያ ሥጋ፥ ለራሱ ጉልበት ደግሞ ጣፋጭ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ በነዚሁ ዛፎች ላይ አንዱን የክሽክሽ ዐይነት ሲበላ፥ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚሰጠውን ሌላውን ዐይነት ግን እንደ ላም እያለበ ከጠላት ይጠብቀዋል። የተጠበቀው ክሽክሽም እየበዛ የዛፉን ጭማቂ ይመጣል። እንግዲህ ያው ጉንዳን በአንድ ዛፍ ላይ ጠባቂም ጎጂም ነው፤ የዛፉ ትርፍና ኪሳራ የሚታወቀው ሁለቱ ሲመዛዘኑ ነው። ትል በበዛበት ዓመት ትርፉ ያይላል፤ ትል በሌለበትና ክሽክሽ በበዛበት ጊዜ ግን ኪሳራው ሊያመዝን ይችላል።

ይህን መመዘን ለተማሪ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አይደለም። በኢጣልያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ዠምሮ ደንን ከተባይ ይጠብቃሉ ተብለው የጉንዳን መኖሪያዎች ከአልፕስ ተራሮች ወደ አፔኒን ተራሮች ተወስደው ነበር። ጉንዳኖቹ በአንዳንድ ስፍራ ተላምደው ተስፋፉ፤ ዛሬ ግን የአገሩን ሌሎች ነፍሳት ይጎዱ እንደ ሆነ ያጠያይቃል። ስለዚህ ጉንዳንን ከደን ከማጥፋታችንም ወደ ደን ከማስገባታችንም በፊት፥ ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያረባም መጠየቅ ይገባናል እንላለን።