ስለ አስም መድኃኒት አሳሳብና አሳሳቡን ስለሚናገር መሣሪያ

የሚዋጥ ኪኒን ከበሽተኛው የሚፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ በውሃ አወራርዶ መዋጥ ይበቃዋል። በመርፌ የሚሰጠውም መድኃኒት የሐኪሙን እጅ እንጂ የበሽተኛውን ብልሃት አይጠይቅም። በትንፋሽ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ግን ከነዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም በሽተኛው ራሱ፥ ያውም ትንፋሽ ባጠረው ሰዓት፥ አሳሳቡን አሳምሮ ካላወቀ በቀር መድኃኒቱ ከታሰበለት ቦታ አይደርስም። ስለዚህ ለቤተ ሰባቸው ጤና ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ስለዚህ መሣሪያ፥ ደግሞም የአሳሳቡን ስሕተት ራሱ መሣሪያው እንዲናገር ለማድረግ ስለ ተደከመበት ሥራ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

በአገራችን ብዙ ሰው «ፓፍ» እያለ የሚጠራው መሣሪያ የተገኘው በልጅ ጥያቄ ነው። በ1955 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር የራይከር ላቦራቶሪስ ኩባንያ አለቃ ልጅ አስም ነበረባት። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ የሚረጨው በእጅ በሚጨመቅ የብርጭቆ ዕቃ ስለ ነበረ፥ የጠጉር ቅባት በቆርቆሮ ታምቆ እንደሚረጭ የእርስዋም መድኃኒት እንዲሁ የማይሆንበትን ምክንያት አባቷን ጠየቀችው። ኩባንያውም በነገሩ ሠርቶ በ1956 ዓ.ም. መሣሪያውን ለገበያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጫና የሚወጣው መድኃኒት ልክ የተመጠነ ሆነ። ነገር ግን የመድኃኒቱን ልክ መመጠን ቢቻልም የሰውን ትንፋሽ መመጠን አልተቻለም ነበር።

ችግሩ እንዲህ ነው። ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው የመድኃኒት ቅንጣት ከ1 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር የሚሆን፥ ማለት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እስከ አምስት ሺህኛ የሚደርስ እጅግ ደቂቅ ነገር ነው። ከቆርቆሮው በኃይል ሲወጣ በሽተኛው ፈጥኖ የሳበ እንደ ሆነ፥ ወይም መጫኑና መሳቡ ያልተገናኙለት እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱ በጎሮሮው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የታመቀውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ዕቃውን ይነቅንቅ፤ ትንፋሹን በርጋታ ያውጣ፤ አፉን በመሣሪያው ላይ ይግጠም፤ መሳብ ሲጀምር ይጫን፤ ከዚያም በዝግታ 4 ወይም 5 ሴኮንድ ያህል ይሳብ፤ በመጨረሻም እስከ 10 ሴኮንድ ድረስ ትንፋሹን ይያዝ። በዱቄት መልክ የተሠራው መድኃኒት ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ዱቄቱን ከዕቃው አንሥቶ የሚበትነው የበሽተኛው ትንፋሽ ራሱ ስለ ሆነ፥ ከመጀመሪያው አንሥቶ ፈጥኖና አጥብቆ መሳብ ያስፈልጋል። ሁለቱም ዓይነት የታዘዙለት ሰው አንዱን በሌላው ሥርዓት ቢስብ የሚያስደንቅ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ፥ የ40 ዓመት ምርመራዎችን በአንድነት የሰበሰበ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከ100 በሽተኞች መካከል አሳሳቡን በትክክል የሚያውቁት 31 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከዓመት ወደ ዓመትም መሻሻል አልታየም። ይህ ነገር በቤት ውስጥ የሚያመጣውን ጕዳት እናስተውል። በሽተኛው «መድኃኒቱ አልያዘልኝም» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ሐኪሙ የአሳሳቡን ጕድለት ሳያይ የመድኃኒቱን ልክ ይጨምራል፤ ቤተ ሰቡም ልጁን ቸልተኛ ነህ ብሎ ይቈጣዋል። መድኃኒቱም በከንቱ ይታማል፤ ልጁም ያለ በደሉ ይወቀሳል። በዚህ መካከል ሌሊት የሚያስነሣው ሳልና የትንፋሽ ማጠር እንዳለ ይኖራል።

ስለዚህ መሣሪያ ሠሪዎች ዕቃው ራሱ ምስክር እንዲሆን ደከሙ። ኤሮቼምበር ከተባለው፥ በቆርቆሮውና በአፍ መካከል ከሚገባው ሰፊ ቱቦ አንዳንዱ፥ በሽተኛው ከመጠን በላይ ፈጥኖ ሲስብ ያፏጫል። ጄኑኤር የተባለው የዱቄት መሣሪያ ደግሞ በትክክል በተሳበ ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ የመስኮቱም ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይለወጣል። ብሬዝሄለር በተባለው መሣሪያ ውስጥ የሚገባው ካፕሱል ሲሳብ እየተሽከረከረ ይንሿሿል፤ አንደበትም ጣፋጭ ነገር ይቀምሳል፤ በኋላም ካፕሱሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ዱቄቱ ማለቁ በዓይን ይታያል። እንዲህም ጆሮ፥ ምላስና ዓይን ሦስቱም ይመሰክራሉ።

በደብሊን ከተማ የሚገኙ ሊቃውንት ደግሞ በዱቄት መሣሪያ ላይ የሚገጠም፥ የትንፋሹን ድምፅ እየቀዳ የሚያስቀምጥ ትንሽ ዕቃ ሠርተዋል፤ ሐኪሙም ከድምፁ በሽተኛው መቼና እንዴት እንደ ሳበ ይረዳል። በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት የተፈቀደው ዲጂሄለር የተባለው መሣሪያም የትንፋሹን ኃይል ለክቶ ወደ ስልክ ይልክ ነበር። ይሁን እንጂ ሠሪው ኩባንያ በሰኔ ወር 2024 ዓ.ም. በዚያ አገር መሸጡን አቆመ።

እኛ እንደሚመስለን፥ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ብልጭልጩ ሁሉ የሚበልጥ አለመሆኑን ነው። በመጀመሪያ ምልክቱ በዚያው ትንፋሽ ላይ መድረስ አለበት፤ ከወር በኋላ የሚመጣ ወቀሳ የዛሬውን አሳሳብ አያቀናምና። ሁለተኛም ምልክቱ አንድ ትርጕም ብቻ ይኑረው። የኤሮቼምበሩ ፉጨት «ፈጠንህ» ማለት ሲሆን፥ ፍሎቶን የተባለው ማለማመጃ ግን የሚያፏጨው አሳሳቡ በትክክል በሆነ ጊዜ ነው። ፉጨት በአንዱ ዕቃ ተግሣጽ፥ በሌላው ምስጋና ከሆነ፥ ሕፃን ልጅ የቱን ይመን? ሦስተኛም መብራት ቢጠፋ፥ ስልክም ባይኖር የሚሠራ ይሁን። ደግሞም ልጅ ማፏጨቱን እንደ ጨዋታ ሊወድደው ስለሚችል፥ ስሕተትን ከሚያስደስት ድምፅ ይልቅ ትክክሉን የሚያስደስት ድምፅ ይሻላል እንላለን።

እንዲህ ያለው መሣሪያ በሌለበት ቤት ግን የመጀመሪያው ምስክር የቤተ ሰብ ዓይን ነው። ልጅዎ መድኃኒቱን ሲወስድ ከአጠገቡ ይቁሙ። ከአፉ ዳር ወይም ከአፍንጫው ጉም የወጣ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ወደ ሳንባ አልገባም ማለት ነው። መጫንና መሳብ ለማይገናኝለት ሕፃን ቱቦው እጅግ ይጠቅመዋል፤ የሚገዛው ቢጠፋ እንኳ በኬፕ ታውን ተደርጎ በ1999 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ከ500 ሚሊ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ የተሠራው ከተገዛው የማያንስ መሆኑን አሳይቷል፤ አሠራሩን ግን ከሐኪም ወይም ከነርስ መማር ይገባል። ዕብጠትን የሚያበርደውን የየዕለቱን መድኃኒት የሳበ ሰው ከዚያ በኋላ አፉን ይጕመጥመጥ። ወደ ሐኪም ቤት በሄዳችሁም ቍጥር መሣሪያውን ይዛችሁ «እንዴት እንደምስብ እዩልኝ» በሉ። ሰው መናገር እስኪያቅተው ትንፋሽ ያጠረው፥ ወይም ከንፈሩ የጠቈረ እንደ ሆነ ግን፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። መድኃኒቱን መግዛት መጠምጠም ነው፤ አሳሳቡን ማወቅ ደግሞ መማር ነውና፥ እናቶችና አባቶች ይህን ትምህርት ከመሣሪያው ጋር አብረው እንዲጠይቁ እንመክራለን።