ጋላክሲዎች ኮከብ መውለድ የሚያቆሙበት ሰፈር

በሚያዝያ አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ከአምቦ መብራት ወጣ ብሎ በጉደር መንገድ ላይ ለሚያንጋጥጥ ሰው የቪርጎ ክላስተር አናቱ ላይ ነው። አምቦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ የክላስተሩ ታላቅ ጋላክሲ ኤም 87 ከአናታችን 3 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ርቆ ያልፋል። በባዶ ዓይን አይታይም፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ደብዛዛ ነጭ ነገር ሆኖ ይታያል። ከዚያ የተነሳው ብርሃን ወደ 54 ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል።

ክላስተር በስበት የተያያዙ የብዙ መቶ ወይም የሺህ ጋላክሲዎች ስብስብ ነው። ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ካለቀ ልደቱ ይቆማል። በክላስተር ውስጥ ባሉ ብዙ ጋላክሲዎች ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ታዲያ ጋዙን ማን ወሰደው? በአምቦም በግንጪም ተማሪዎችን ስጠይቅ የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ብላክ ሆል ዋጠው።» በ2019 እ.ኤ.አ. የኤም 87 ብላክ ሆል ምስል ከወጣ ወዲህ ይህ አባባል ባሰበት። እባካችሁ፣ መምህራን፣ እንዲህ አታስተምሩ። ያ ብላክ ሆል 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ ቢመዝንም ከክላስተሩ ክብደት አንጻር ኢምንት ነው፤ የጎረቤት ጋላክሲን ጋዝ መሳብ አይችልም።

ጋዙን የሚገፈው ባዶ ነው የምንለው ቦታ ነው። በጋላክሲዎቹ መካከል በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ ተዘርግቷል። እጅግ ስስ ነው፤ በአንድ ሊትር ቦታ ውስጥ ጥቂት አቶሞች ቢገኙ ነው። ነገር ግን ጋላክሲው በሰከንድ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እየፈጠነ ሲገባበት ብርቱ ነፋስ ይሆንበታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በግንጪ አውድማ ጤፍ ሲበራይ ነፋሱ እብቁን ወስዶ ፍሬውን እንደሚተው፣ ይህም ጋዙን ጠርጎ ከዋክብቱን ይተዋል። ይህን ገንና ጎት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1972 እ.ኤ.አ. አስልተው አሳይተዋል። በቪርጎ ውስጥ ኤንጂሲ 4402 የተባለውን ጋላክሲ ፎቶ ተመልከቱ፦ የአቧራው ዝርግ በአንድ ወገን ተገፍቶ ጎብጧል፣ ጠርዙ ላይ ጋዙ ተገፎ ከዋክብቱ ብቻ ቀርተዋል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ደግሞ መሀል ሲደርሱ ብቻ አይደለም። ብዙ ጋላክሲዎች ገና በዳርቻው ሳሉ፣ በትንንሽ ቡድኖች ተሰባስበው ሲመጡ፣ ከውጭ የሚመጣላቸው ትኩስ ጋዝ ይቋረጥባቸዋል። የቀራቸውን ጨርሰው ቀስ በቀስ ይከስማሉ።

ይህ ጥናት የባዕድ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ብርሃኑ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘበትን አንድ ክላስተር ጋላክሲዎች በቅርጻቸው ለይተው በ2019 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ማዕከሉን የሞሉት በአብዛኛው ኮከብ መውለድ የተዉ ሞላላ ጋላክሲዎች ናቸው።

የአምቦ፣ የግንጪና የጌዶ መምህራን ሆይ፣ በመጪው ሚያዝያ ተማሪዎቻችሁን ከከተማው መብራት አውጡና ቀና በሉ በሏቸው። «ማን ወሰደው?» ሲሏችሁም ስለ ነፋሱ ንገሯቸው።