ያውቁ ኖሯል? ቦርጭ፣ ምላጭ እና ወንዶች

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ ውስጥ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ወንዶችና ሴቶች ቁጥር ተቀራራቢ ነው። ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ከሚያደርጉ አምስት ሰዎች ግን አራቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። አምስተኛው ሰውዬ ሲመጣም አርፍዶ ነው፤ ዕድሜው ገፍቶ፣ ኪሎው ከሴቶቹ በልጦ፣ ስኳሩን፣ ደም ግፊቱንና ማንኮራፋቱን አስከትሎ።

◆ ለምን ያረፍዳል ቢሉ፣ እኛ ዘንድ አንዱ ምክንያት ቦርጭ ወንድ ላይ ሲሆን ማዕረግ መምሰሉ ነው። ከዋሽንግተን ወይ ከዱባይ ለዕረፍት የገባን ሰው ሆዱን መታ መታ እያደረገ «ተመችቶሃል!» የሚል አጎት በየቤቱ አለ። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ወንዶች ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ሴቶቹ 8። ብርቅ ስለሆነ ይሆናል የተከበረው። ዋሽንግተን ላይ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የሚውለው ሰው ግን የማዕረጉን ዋጋ የሚያውቀው ሐኪሙ ፊት ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው።

◆ ውፍረት ዙፋን ያሳጣው ንጉሥ እንደነበረስ? በዛሬዋ ስፔን የሊዮን ንጉሥ የነበረው ቀዳማዊ ሳንቾ፣ «ወፍራሙ» የሚባለው፣ በ958 ከሥልጣን ወረደ። አያቱ ንግሥት ቶዳ ይዛው ኮርዶባ ገባች፤ የከሊፋው ሐኪም የነበረው አይሁዳዊ ሐስዳይ ኢብን ሸፕሩት አከመው። ከንፈሩ ተሰፍቶ ለ40 ቀን ፈሳሽ ብቻ በቀጭን ቧንቧ ጠጣ የሚለው ወግ ነው። ከስቶ መመለሱና ዙፋኑን መልሶ መያዙ ግን ታሪክ ነው።

◆ ባይፓስ ጨጓራን አሳንሶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና ነው። የዘመናዊው ባይፓስ አባት የሚባሉት በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው። በቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል የተቆረጠላቸው ሕሙማን እየከሱ መሄዳቸውን ልብ ብለው በ1966 የመጀመሪያውን ሠሩ።

◆ ዛሬ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ ነው። ከጨጓራው ከመቶ 75 እስከ 80 ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚተርፈው ቀጭን ቱቦ ከሁለት የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። በባይፓስ ደግሞ የሚቀረው ኪስ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ይህ ግማሽ ስኒ እንኳ አይሞላም።

◆ በስሊቭ ተቆርጦ ከሚወጣው ክፍል ጋር የረሃብ ሆርሞን የሚባለው የግሬሊን ዋና ምንጭም አብሮ ይሄዳል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሆርሞኑን ያገኙት በ1999 ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ምሳ መብላቴን ረሳሁት» የሚሉ ሰዎች የሚያጋጥሙት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

◆ ለማን ይፈቀዳል? ክብደትዎን በኪሎ፣ ቁመትዎን በሜትር ይያዙ፤ ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ ያካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ቢ.ኤም.አይ ይባላል። በ1991 የአሜሪካ ሊቃውንት ያወጡት መመሪያ 40ን፣ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ደግሞ 35ን መነሻ አደረገ። በ2022 መስመሩ ወረደ፤ 35 የደረሰ ሰው በሽታ ባይኖርበትም፣ ስኳርን የመሰለ ችግር ያለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል ተባለ። ቁመቱ 1.75 ሜትር ለሆነ ወንድ 35 ማለት 107 ኪሎ ነው። ያን ያህል የሚመዝን ብዙ ሰው ራሱን «ትንሽ ሞላ ያልኩ» ነው የሚለው።

◆ የሸሚዝ ኮሌታ የሕክምና መሣሪያ መሆኑንስ? ከማደንዘዣ በፊት በእንቅልፍ ልብ ትንፋሽ መቆራረጥን ለመለየት የሚጠየቁ ስምንት ጥያቄዎች አሉ። ያንኮራፋሉ? ቀን ቀን ይደክምዎታል? ተኝተው ሳለ ትንፋሽዎ ሲቆም ያየ ሰው አለ? ደም ግፊት? ቢ.ኤም.አይ ከ35 በላይ? ዕድሜ ከ50 በላይ? የአንገት ውፍረት፣ ማለትም የኮሌታ ቁጥር? ስምንተኛው አጭር ነው፤ ወንድ ነዎት? ወንድ መሆን ብቻውን አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ሦስተኛውን ጥያቄ የምትመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት፤ ስለዚህ ወደ ምርመራው አብራ ብትሄድ ይሻላል።

◆ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ካሎሪውም ስኳሩም እጅግ የተቀነሰ፣ በአብዛኛው ፈሳሽ የሆነ ምግብ ይታዘዛል። ብዙ ወንድ ይህ ቅጣት ወይም የቁርጠኝነት ፈተና ይመስለዋል። ጉዳዩ ያለው ጉበት ላይ ነው። የጉበት ግራ ክንፍ ከጨጓራው በላይ ተጋድሟል። በስብ ያበጠ ጉበት ከባድ፣ በቀላሉ የሚቀደድና የሚደማ ስለሆነ ሐኪሙ አንሥቶ ጨጓራውን ማየት ይቸግረዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ጉበት ስቡን ቀንሶ በሚታይ መጠን ይኮማተራል። እንግዲህ ጓደኞቹ «የመሰናበቻ» ብለው በዋዜማው ቁርጥና ክትፎ ቤት የሚወስዱትን ሰው ያስቡት። ጉበቱ አልነሣ ብሎ ቀዶ ሕክምናው ሳይሠራ የተዘጋበት ሰው አለ።

◆ ሲጋራ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይቆማል፤ ሺሻም ያው ነው። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ለማደንዘዣ ባለሙያው በግልጽ መናገር አለበት፤ ጫት የልብ ምትንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አባት ወይ ሚስት አጠገብ ተቀምጠው ሳለ የማይነገር ከሆነ ብቻውን ሲሆን ይንገር።

◆ በእኛ አገር ብዙ ሰው ይዞት የሚዞረው ኤች ፓይሎሪ የተባለ የጨጓራ ባክቴሪያም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተመርምሮ ቢታከም ይመረጣል። በተለይ ከባይፓስ በኋላ ወደ ተተወው የጨጓራ ክፍል በተራ ኢንዶስኮፒ መድረስ አስቸጋሪ ነው።

◆ የአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት አስተዳዳሪ የነበረው ክሪስ ክሪስቲ በየካቲት 2013 ጨጓራውን በቀለበት ያሳሰረው በሐሰት ስም ሆስፒታል ገብቶ ነው። ወሬው የወጣው ከወራት በኋላ በግንቦት ነው። በየመድረኩ ሲከራከር የሚውል ፖለቲከኛ እንኳ ይህን ደበቀ።

◆ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የሚሠራው ሆድ ሳይከፈት፣ በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው። ሰውየው በዚያው ዕለት ተነሥቶ እንዲራመድ ይደረጋል፤ ይህም እግር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ነው። በ2009 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከሺህ 3 ያህል ነበሩ። አደጋው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። በ2007 የወጣ አንድ መመዘኛ አምስት ነጥብ አለው፤ 50 የደረሰ ቢ.ኤም.አይ፣ ደም ግፊት፣ ለሳንባ የደም መርጋት መጋለጥ፣ 45 ዓመት መሙላት፣ አምስተኛው አሁንም ወንድ መሆን።

◆ ከተሰፋው ጨጓራ ፈሳሽ እያመለጠ ከሆነ ቀድሞ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ሆድ አይደለም፤ ልብ ነው። ዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ ቀዶ ሐኪምን ከእንቅልፉ የሚያስነሣ ምልክት ነው። ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመምም እንደዚያው። «ወንድ ልጅ ቻል ያደርገዋል» ተብሎ ያደገ ሰው እዚህ ላይ በጣም ያሰጋል። ቤቱ ገብቶ ጥርሱን ነክሶ የሚያድረው እሱ ነው።

◆ አጥሚት ይዘው የሚመጡት አክስትስ? በፍቅር ነው፤ ግን ስኳር የበዛበት አጥሚት ባይፓስ ለተሠራለት ሰው ጠላቱ ነው። ስኳሩ በአንዴ ወደ አንጀት ሲወርድ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ያስቀምጠዋል፣ መተኛት ያምረዋል። ሐኪሞቹ የሚሹት ፕሮቲን ነው፤ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም። መጀመሪያ ውሃና ቀጭን ሾርባ፣ ቀጥሎ ወተትና ቀጠን ያለ የፕሮቲን መጠጥ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ። እንቁላል፣ ዓሣና አይብ ጥሩ ናቸው። ወደ መደበኛ ገበታ መመለስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይራራቃሉ። አምቦ ውሃውና ቢራው፣ ጋዝ ያለበት ሁሉ፣ ይቆያል።

◆ መሶብ ዙሪያ ያለው ፈተና ጉርሻ ነው። በደንብ ያልታኘከ፣ ወጥ የጠገበ አንድ ትልቅ ጉርሻ አዲሱ ጨጓራ መግቢያ ላይ ቆሞ ደረትን ጭምቅ ያደርጋል፤ አፍ በምራቅ ይሞላል፤ ሰውየው ፊቱ ተለዋውጦ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሮጣል። አጉራሿ «ምን አጎረስኩት!» ብላ ትደነግጣለች። ቀዶ ሕክምናውን ለማንም ያልተናገረ ሰው «ጨጓራዬን ያመኛል» ማለት ይጀምራል። ውሸትም አይደለ።

◆ በሐኪሞች ዘንድ ስለ ጾም የሚሰጠው የተለመደ ምክር፣ ረመዳን ላይ ቀን ሙሉ ያለ ውሃ መዋልን ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት ማቆየት ነው። የሁዳዴውና የሌላው ጾም ችግር ደግሞ ፕሮቲኑ ነው። ከሁለት ስኒ ብዙም በማትበልጥ ጨጓራ ውስጥ 60 ግራም ፕሮቲን በሽሮና በምስር ብቻ ማስገባት ከባድ ሒሳብ ነው። ለነፍስ አባት መንገር የሚሻለው ጾሙ ሲገባ ሳይሆን የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሲያዝ ነው።

◆ አልኮል ለብቻው ይነገር። ባይፓስ ባደረጉ ሴቶች ላይ በተደረገና በ2015 በታተመ ጥናት ሁለት መጠጥ የወሰዱት ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው አልኮል ካልተቀደዱት የአራት መጠጥ ያህል ነበር። መጠጡ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ በቀጥታ አንጀት ይደርሳላ። በ2012 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ የአልኮል ችግር ያለባቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከመቶ 7.6፣ በሁለተኛው ዓመት 9.6 መሆናቸውን አሳየ፤ ይበልጥ ከተጋለጡት መካከል ወንዶች ነበሩ። አስተውሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን በሁለተኛው ነው። ሰውየው ከስቶ፣ አዲስ ሱፍ ገዝቶ፣ ሠርግ ላይ ብርሌ ሲቀበል። በመብላት ያበርደው የነበረ ጭንቀት ካለም ሌላ በር ይፈልጋል።

◆ የስኳር በሽታው አንዳንዴ ኪሎው ሳይወርድ በቀናት ውስጥ ይሻሻላል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቻቸው ይህን በ1995 ሲያሳትሙ ብዙ ሐኪም ተገርሞ ነበር። ስለዚህ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑ ወዲያው ካልተስተካከለለት ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። የደም ግፊት ክኒንም እንዲሁ ይታያል። የስኳር በሽታ ከተነሣ፣ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲመጡ በሽታው ብርቃቸው ነበር፤ ከዓመታት ኑሮ በኋላ ግን በእጅጉ በዝቶባቸዋል። እዚያ ቀዶ ሕክምናው መስፈርቱን ላሟላ ሰው ኩፓት ሆሊም በሚባለው የጤና መድን ይሸፈናል።

◆ ወንዶች በይፋ የማይጠይቁት፦ ስብ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል። በጣም የወፈረ ወንድ ቴስቶስትሮኑ የሚወርደው አንድም በዚህ ነው። ኪሎው ሲወርድ ሆርሞኑ ይመለሳል፤ የብዙዎቹ የመኝታ ቤት ኑሮም ይሻሻላል።

◆ በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠር ይፈጥራል፤ ብዙ ቦታ ለስድስት ወር መከላከያ ክኒን ይሰጣል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ፀጉር ይረግፋል፤ ይመለሳል (ራሰ በራው ግን ከዚህ አይቆጠርም)። ለራስ ምታት የሚዋጡት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከባይፓስ በኋላ ጨጓራን ያቆስላሉ።

◆ በስዊድን የተደረገ ትልቅ ክትትል ቀዶ ሕክምናው በሴቶች ላይ የካንሰርን አደጋ መቀነሱን አገኘ። በወንዶች ላይ ግን ይህ አልታየም። በ2007 የታተመ የዩታ ጥናት ደግሞ የሞት መጠን በ40 በመቶ መውረዱን ሲያሳይ፣ በአደጋና ራስን በማጥፋት የመሞቱ ነገር ግን ከፍ ማለቱን ገልጿል። ትዳርም ይናወጣል፤ በ2018 በወጣ የስዊድን ጥናት ባለትዳሮች ይበልጥ ሲፋቱ ነጠላዎቹ ደግሞ ይበልጥ ሲያገቡ ታይተዋል።

◆ አሜሪካ ውስጥ የከሳ ሰው «ጎበዝ!» ይባላል። አዲስ አበባ ሲመጣ «ምን ሆንክ? ታመህ ነው?» ነው ሰላምታው። ኤድስ በየቤቱ ያንኳኳበትን ዘመን ያየ ትውልድ የጎደለ ጉንጭ ሲያይ ይሰጋል። በአንድ ዓመት 40 ኪሎ የቀነሰ ሰው ቆዳው ፊቱ ላይ ይላላል፤ ሐሜቱ ከእሱ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። የደበቀው ሰው እዚህ ጋ ይጎዳል፤ ቀዶ ሕክምናውን ባይናገርም በሽታ ይፈጠርለታል።

◆ የእግር ኳሱ ኮከብ ዲዬጎ ማራዶና በ2005 ካርታሄና፣ ኮሎምቢያ ላይ ባይፓስ አድርጎ 50 ኪሎ ያህል ቀነሰ። ኪሎው ተመልሶ በ2015 ቬንዙዌላ ውስጥ ዳግም ተቀደደ።

◆ በእንቅልፍ ልብ ትንፋሹ ለሚቆራረጥ ሰው የሚሰጠው ማሽን ኪሎ ስለወረደ ብቻ አይወረወርም፤ እንቅልፉ እንደገና ተለክቶ ነው። ቫይታሚኑም ዕድሜ ልክ ነው፤ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ተንኮለኛው ቢ12 ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ክኒኑን የተወ ሰው ሁለት ዓመት ምንም አይሰማውም፤ ክሊኒክ መሄዱንም ያቆማል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት እግሩ ሲደነዝዝ «ስኳሬ ተመለሰ» ብሎ ስኳሩን ይለካል፤ ደህና ይሆናል። ያኔ ቢ12ቱን ማስለካት ነው፤ የነርቭ ጉዳት ሲቆይ ላይመለስ ይችላልና።