«የአድዋ ሳንጃ ነው» ሲሏችሁ

የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ ተቋም ነው። በዚህም ሆነ በሌሎች የቂርቆስ ሰፈሮች የአያት ሣጥን ሲከፈት የጣሊያን ሳንጃ ብቅ ቢል አይገርምም። እንዲህ ያለውን ለመግዛት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እኔ የማያቸውን ነገሮች ላካፍላችሁ።

1. ዘመኑ፦ የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ስለቱ ወደ እጀታው የሚታጠፈው የካርካኖ ጠመንጃ ሳንጃ ግን እ.ኤ.አ. የ1938 ሞዴል ነው። እንዲህ ያለ ታጣፊ ሳንጃ «ከአድዋ የተማረከ» ከተባለ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ታሪኩ ሐሰት ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ።

2. ዝገቱ፦ የዘመን ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ቦታ ቦታውን ይሰረስራል። ብርቱካናማ ሆኖ ጣት ላይ የሚቀርና ሁሉም ጋ እኩል የሆነ ዝገት በአሲድ የመጣ ሊሆን ይችላል።

3. ማኅተሙ፦ የማኅተሙ ፊደል አሮጌውን ዝገት ቆርጦ ካለፈ፣ በኋላ የተጨመረ ነው።

4. እጀታና አፎት፦ ስለቱ ከእጀታው ጋር ይነቃነቃል? ብሎኑ አዲስ ነው? አፎቱ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይገባል? ተደጋግሞ የተሳለ ስለት ይቀጥናል፣ ጫፉም ያጥራል።

ከገዛችሁ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ማኅተሙ ይጠፋል። በለስላሳ ጨርቅ ቀጭን ዘይት መቀባት ይበቃል።

ቅርስ የሆነን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። አባቶቻችን በደም የማረኩትን እኛ በርካሽ አንሽጠው።