ደራሳ፣ ደራሻ፣ ደራሼ፦ ስለ ጌዴኦ አገር ሞክሼ ስሞችና ቃላት

ሞክሼ የሚለው ቃል በመጀመሪያ የሚነገረው ለሰው ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ሞክሼ ይባባላሉ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም የሚያውቃቸው ሁሉ አባታቸውን፣ ሰፈራቸውንና መልካቸውን አይቶ ስለሚለያቸው አንዱን ከሌላው ጋር የሚያደባልቅ የለም። የሕዝብ፣ የቋንቋና የቦታ ስሞች ሞክሼ ሲሆኑ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ስሙን በወረቀት ላይ ብቻ የሚያገኘው ተርጓሚ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አይገኝም። ስለዚህ የሚፈርደው በድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ በዚህ ጉዳይ የታመነ ምስክር አይደለም። ይህን ለማሳየት በዲላና በጌዴኦ ዞን ዙሪያ ከሚገኙ ስሞችና ቃላት የተሻለ ናሙና ማግኘት ያስቸግራል።

ጌዴኦ የሚናገረው ቋንቋ ከሲዳማ፣ ከሀዲያ፣ ከከምባታና ከቡርጂ ጋር በደጋው የምሥራቅ ኩሽ ምድብ ውስጥ ይቆጠራል። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በተጻፉ የመንግሥት ሰነዶችና በውጭ አገር ሊቃውንት ሥራዎች ውስጥ ግን ይህ ሕዝብ የሚገኘው ደራሳ በሚለው ስም ነው፤ አገሩም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ጌዴኦ የሚለው ስም በይፋ ጽሑፎች ላይ ቦታውን የያዘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ሆኖም የቀድሞው ስም ከሕዝቡ ትውፊት አልተፋቀም። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዳራሶ የተባለው አባት የጉጆና የቦሮ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ጉጂና ቦረናም የሚወለዱት ከነዚሁ ታናናሾች ነው። የታሪክ ተመራማሪው ቻርልስ ማክሌላን እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ነፍጠኛና ገባር ሥርዓት ባወጡት ጥናት ርእስ ላይ ደራሳ ሲሉ፣ በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ጌዴኦ ብለዋል። ጸሐፊው አንድ፣ ሕዝቡም አንድ ነው፤ ስሙ ግን በዐሥር ዓመት ውስጥ ተለውጧል። በስም ፊደል ተራ የተደረደረ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ሁለቱን ሥራዎች በሁለት የተራራቁ መሳቢያዎች ውስጥ ያኖራቸዋል፤ አንዱን ያገኘ ሁሉ ሌላውን ያገኛል ማለት አይቻልም።

ከዲላ ተነሥተን የአባያን ሐይቅና የአማሮን ተራሮች አልፈን ወደ ደቡብ ምዕራብ ብንሄድ ደግሞ በጊዶሌ ከተማ ዙሪያ ደራሼ የሚባል ሌላ ሕዝብ እናገኛለን። ቋንቋው ከኮንሶ ጋር የሚዛመድ የቆላ ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋ ነው፤ ከጌዴኦኛ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ ነው። ይህም ሕዝብ በቀድሞ መጻሕፍት ውስጥ በከተማው ስም ጊዶሌ ተብሎ፣ አንዳንዴም ጋርዱላ ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ሁለቱን ጥንዶች ጐን ለጐን እናስቀምጣቸው፦ በአንድ በኩል ደራሳና ጌዴኦ፣ በሌላ በኩል ደራሼና ጊዶሌ። በድምፅ ፈጽሞ የማይመሳሰሉት ደራሳና ጌዴኦ አንድ ሕዝብ ናቸው፤ በድምፅ መንታ የሚመስሉት ደራሳና ደራሼ ሁለት ሕዝቦች ናቸው። የሚቀርበው ሁሉ እንዳይመሳሰል፣ የሚመሳሰለውም ሁሉ እንዳይቀርብ ሆን ተብሎ የተሠራ ፈተና ይመስላል።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ጌዴኦዎች ሰባት ነገዶች አሏቸው፤ እነዚህም ሾሌ ባቴ እና ሳሴ ባቴ ተብለው፣ ማለትም የአራቱ ቤትና የሦስቱ ቤት ተብለው ይከፈላሉ። ከአራቱ ቤት አንደኛው ነገድ ደራሻ ይባላል፤ «ሻ» ጠብቆ ይነበባል። ስለዚህ «ደራሻ» የሚል ቃል በእጅ ጽሑፍ ያገኘ ተመራማሪ ስለ ጌዴኦ ነገድ፣ ወይስ ስለ ጊዶሌ ሕዝብ እየተነገረው እንደ ሆነ ከዐውዱ መለየት ይኖርበታል። የጊዶሌው ሕዝብ ስም በተለያዩ ጸሐፊዎች ዲራሻ፣ ድራሼ፣ ደራሼ እየተባለ መጻፉ ችግሩን ያብሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጌዴኦም ደራሼም በአንድ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ አንደኛው በጌዴኦ ዞን፣ ሁለተኛው በጋርዱላ ዞን። ቀድሞ በሁለት ጠቅላይ ግዛቶች፣ በሲዳሞና በገሙ ጐፋ፣ መዝገቦች ውስጥ ተለያይተው የኖሩ ስሞች አሁን በአንድ ቢሮ ሰነድ ውስጥ ጐን ለጐን ይሰፍራሉ።

ጌዴኦ የሚለውም ስም ራሱ ብዙ ሞክሼዎች አሉት። በአማርኛ ጌዴኦ፣ ጌዲኦ፣ ጌድኦ እየተባለ ሲጻፍ ይታያል። የስሙ መጨረሻ በቋንቋው ውስጥ ራሱን የቻለ የማንቁርት ተነባቢ ነው፤ «ኦ» የተጻፈችውም ይህን ለመወከል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ድምፅ ስለማያጸናው ስሙ በፈጣን ንግግር ወደ «ጌዶ» ይጠጋል። ጌዶ ደግሞ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ነው፤ በሶማሊያም ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋሰን ጌዶ የሚባል ክፍለ አገር አለ። በአባያ ሐይቅ ላይ የባይሶ ቋንቋ የሚነገርባት ደሴት ጊዲቾ ትባላለች። በመጽሐፈ መሳፍንት የሚገኘው ጌዴዎንም ቢሆን ለጆሮ ሩቅ አይደለም። አንዳንድ ሰዎች ስሙን ከአማርኛው «ገድ» ጋር አያይዘው መልካም ዕድል ማለት ነው ሲሉ መስማት አይገርምም፤ ሕዝባዊ ሥርወ ቃል ሁልጊዜ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለው ቃል ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን በዚህ መንገድ ሊከተለው አይገባም፤ ምክንያቱም የአማርኛው «ገድ» የማንቁርት ተነባቢም ሆነ «ጌ» እና «ዴ» የሚያስገኙ አናባቢዎች የሉትም።

የአጻጻፋችን ጠባይ ልዩነትን እንዴት እንደሚሰውር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ባሌ የሚለው ቃል ነው። ባሌ በጌዴኦ ባህላዊ ሥርዓተ አስተዳደር፣ ማለትም የዕድሜ እርከንና የሥልጣን ዝውውር ሥርዓት ስም ነው። በጌዴኦኛ «ባ» ረዝሞ፣ «ሌ» ጠብቆ ይነገራል። ለአማርኛ አንባቢ ግን «የባሌ ሥርዓት» የሚለው ሐረግ በመጀመሪያ የሚያመጣበት ጐባና ሮቤ ያሉበትን የባሌን አገር ነው፤ ይኸው አገር በመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕሎች ባሊ ተብሎ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው፣ ከዐውዱ ውጪ ሲነበብ፣ ያገባች ሴት ባሏን የምትጠራበት ቃል ነው። በጉጂ ኦሮሞ ደግሞ ከአንድ የገዳ ትውልድ ወደ ሌላው የሚደረገው የሥልጣን ርክክብ ባሊ ይባላል፤ ይህ ከጌዴኦው ባሌ ጋር በድምፅም በትርጉምም የሚቀራረብ ስለ ሆነ እንደ ተራ ሞክሼ ሊታይ አይችልም። ሁለቱ ሕዝቦች ጐረቤት ናቸው፣ የሥርዓታቸውም አደረጃጀት ይወራረሳል። የቦታው ስምና የአማርኛው «ባሌ» ግን «ሌ» የማትጠብቅባቸው ናቸው። ጥብቀትን የማያሳይ ጽሕፈት አራቱን በአንድ ልብስ ያለብሳቸዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ ከተዳረሰባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበር፤ ያን ጊዜ የተዘጋጁት መጻሕፍት በግዕዝ ፊደል በመሆናቸው ይህ ችግር በእነሱም ላይ ነበረ። ዛሬ ጌዴኦኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ጥብቀቱና ርዝመቱ በድርብ ፊደል ይታያሉ፤ ቃሉ ተመልሶ ወደ አማርኛ ጽሑፍ ሲገባ ግን ልዩነቱ እንደ ገና ይጠፋል። ስለዚህ በአማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ በጠባቂው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ማድረግ ትርፍ ሥራ ነው የሚለውን አስተያየት ይህ ጸሐፊ አይቀበለውም።

ሶንጎ የሚለው ቃል ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል። በጌዴኦና በሲዳማ ሶንጎ የሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ጉዳይ የሚታይበትና ዕርቅ የሚፈጸምበት ሸንጎ ነው። ይህን ስንተረጉም ሳናስበው «ሸንጎ» ብለናል፤ ሁለቱ ቃላት በድምፅም በትርጉምም ጐረቤታሞች ናቸው። እንዲህ ያለ መመሳሰል በጐረቤት ቋንቋዎች መካከል ሲታይ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ውሰት ነው። ነገር ግን የ«ሰ» እና የ«ሸ»፣ የመጀመሪያው አናባቢም ልዩነት በሌሎች ቃላት ሲደገም ሳይታይ ዝምድናውን መወሰን አይቻልም፤ አቅጣጫውንም መናገር አይቻልም። ለተርጓሚው ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ሸንጎ ከተቋቋመ ወዲህ «ሸንጎ» የመንግሥት ምክር ቤትን ጥላ ይዟል፤ ሶንጎን በሸንጎ መተርጐም የመንደር ሽማግሌዎችን ጉባኤ የሕግ አውጪ ምክር ቤት ሊያስመስለው ይችላል። ሶንጎ ብሎ መተውና አንድ ጊዜ መፍታት ይሻላል።

አሁን ያንኑ ቃል ይዘን ወደ መካከለኛው አፍሪካ ብንዘልቅ መመሳሰል ምን ያህል ርካሽ እንደ ሆነ እናያለን። ሳንጎ ከኡባንጊ ወንዝ ዳር ከንግባንዲ ቋንቋ ወጥቶ ያደገ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ከፈረንሳይኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ የሆነ ልሳን ነው። ሶንጎ በአንጐላ የባንቱ ሕዝብ ስም ነው፤ በሞዛምቢክም በካሆራ ባሳ ግድብ አጠገብ ያለች ከተማ ሶንጎ ትባላለች። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ ደግሞ ሶንጌ የሚባል ሕዝብ አለ። ሉባም እንዲሁ ነው። በኦሮሞ ገዳ ሉባ ሥልጣን የሚይዘው እርከን ነው፤ አባ ባሕርይ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጻፉት ታሪክ ውስጥ ሉባዎችን በየስማቸው ዘርዝረዋል፤ በዛሬው ኦሮምኛ ቃሉ ለቄስም ይነገራል። በኮንጎ ግን ሉባ ትልቅ ሕዝብና የጥንት መንግሥት ስም ነው፤ ቋንቋቸው ቺሉባ ከአገሪቱ አራት ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በኢኳቶሪያል ጊኒም በቢዮኮ ደሴት ላይ ሉባ የምትባል ከተማ አለች። ሁለት ክፍለ ቃል ባላቸው አጫጭር ቃላት፣ ጥቂት አናባቢ ባላቸው ቋንቋዎች መካከል እንዲህ ያለ ግጥጥሞሽ ሳይኖር ቢቀር ነበር የሚገርመው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የመካከለኛው አፍሪካ ቋንቋዎች ቃልን ከቃል በቅላጼ ከፍታና ዝቅታ የሚለዩ ናቸው፤ በተለመደው የካርታ አጻጻፍ ይህ ስለማይታይ እኛ «አንድ» ያልነው ስም በዚያው አገር እንኳ አንድ ላይሆን ይችላል። ከእነዚህ ላይ የሕዝቦች ፍልሰት ታሪክ የሚገነባ ሰው ቤቱን ያለ መሠረት እየሠራ ነው።

ወደ ጌዴኦ ስንመለስ የቦታ ስሞች ለአማርኛ ጆሮ ራሳቸውን የተረጐሙ መስለው መቅረባቸው ያሳስታል። ቱቱ ፈላ የትክል ድንጋዮች ሥፍራ ነው፤ «ፈላ» ግን ከአማርኛው «መፍላት» ጋር የሚያገናኘው የለም። ይርጋ ጨፌ ከዚህ ይለያል። ጨፌ በኦሮምኛም በአማርኛም ረግረጋማ ሣር ያለበት መስክ ነው፤ በኦሮምኛ ግን በዚያ መስክ የሚካሄደውን ጉባኤም ይጨምራል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤትም ጨፌ ይባላል። ይርጋ ደግሞ በይርጋ ዓለም እንደምናውቀው የመርጋት ምኞት ነው፤ በሕግ ቋንቋችን ግን መብት በጊዜ ማለፍ የሚቀርበትን ደንብ ይሰይማል። አንድ የሕግ ተርጓሚና አንድ የቡና ነጋዴ ስለ «ይርጋ» ሲያወሩ የሚግባቡት በዐውድ ብቻ ነው። ስሙ ገንዘብም ነው፤ ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ማመልከቷና ከስታርባክስ ጋር ከተነሣው ክርክር በኋላ በ2007 ስምምነት መደረሱ ይታወሳል። እዚህ ላይ ሲዳሞና ሲዳማ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል፦ ሲዳማ ሕዝብ ነው፤ ሲዳሞ ጌዴኦንም ቦረናንም ያካተተ ጠቅላይ ግዛት ነበር፣ አሁን በቡናው ምልክት ላይ ቀርቷል።

ቡሌን በመጨረሻ ያቆየሁት ጉዳዩ ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ ነው። ቡሌ በጌዴኦ ዞን ደጋው ላይ ያለ ወረዳ ነው። ቡሌ ሆራ፣ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው፣ በምዕራብ ጉጂ ያለች ከተማ ናት። በንግግር «ሆራ» ብዙ ጊዜ ይቀራል። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ በመዝገብ ላይ «ከቡሌ የመጣ» ተብሎ ቢጻፍ ሰውየው ወዴት ሊመለስ እንደሚገባው ከጽሑፉ አይታወቅም። ስለዚህ በስም መዝገባችን ቡሌ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ ወረዳውና ዞኑ በግድ ሊከተሉት ይገባል፤ ለቡሌ ሆራም የቀድሞ ስሟ ከነዘመኑ ይጻፍላት። ደራሳን በተመለከተም እንዲሁ፦ የቀድሞ ሰነድ ሲተረጐም ደራሳ የሚለው በጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ይቆይ፣ ጌዴኦ የሚለው በማዕዘን ቅንፍ ይታከልለት፤ «ደራሼን ተመልከት» የሚል ማጣቀሻ ግን ከሥሩ ሊገባ የሚገባው «አይደባለቅ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ብቻ ነው።